«ምግባችሁ ሜርኩሪ አለበት» ልበላቸው?

ከዊኒፔግ ለጻፍሽልኝ እህቴ፣

ለአንባቢዎች ደብዳቤሽን ባጭሩ ልንገራቸው። በአካባቢ ኬሚስትሪ ማስተርስሽን ልትጨርሺ ነው። ሁለት ዕድል አለሽ። አንዱ ላቦራቶሪ ውስጥ የዶክትሬት ቦታ ነው። ሌላው በሰሜን ኬቤክ፣ ኑናቪክ በሚባለው የኢኑዊት (የሰሜን ነባር ሕዝብ) ምድር የሁለት ዓመት ሥራ ነው። ሲል ከሚባለው የባሕር እንስሳና ከቤሉጋ ዓሣ ነባሪ ናሙና ትሰበስቢያለሽ፤ ውጤቱን ለነዋሪው ታስረጃለሽ። እናትሽ «ለበረዶ ነው ያስተማርኩሽ?» ብላለች። አንቺን ያስጨነቀሽ ግን ሌላ ነው፦ «እኔ ባዳ ሆኜ፣ የአያቶቻችሁ ምግብ ሜርኩሪ የሚባል መርዛማ ብረት አለበት ልበላቸው?»

እዚህ ላይ አፌን መያዝ አልችልም። ካናዳ ከመምጣቴ በፊት አገር ቤት የሥነ ምግብ ባለሙያ ነበርኩ። ሰው ቤት ገብቶ «ይህን አትብሉ» ማለት ቀላል ነው። በምትኩ ምን ይብሉ? ከቢሮ የመጣው ወረቀት እሱን አይነግርሽም።

ታሪኩን ታውቂዋለሽ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኬቤክ ተመራማሪዎች የእናት ጡት ወተት ሲመረምሩ፣ ከፋብሪካ የራቀ ንጹሕ ማነጻጸሪያ ይሆነናል ብለው ከኑናቪክ እናቶች ናሙና ወሰዱ። ፒሲቢ የተባለው መርዛማ የፋብሪካ ኬሚካል መጠን ከደቡብ ኬቤክ እናቶች አምስት እጥፍ ያህል ሆነ። እነዚያ እናቶች ፒሲቢ አላመረቱም። ኬሚካሉ ከደቡብ ተንኖ፣ በነፋስና በባሕር ሞገድ ተጉዞ፣ ብርድ አገር ሲደርስ ወርዶ፣ ከዓሣ ወደ ሲልና ቤሉጋ ስብ እየተጠራቀመ ነው የመጣባቸው። እስቲ ይህን ዜና የሰማችውን አራስ አስቢያት። ጡት ታስጥል? የሱቁ ዱቄት ወተት ዋጋ አይቀመስም፤ የእናት ወተት ያለው ጥቅምም የለውም።

ዝም ማለት ደግሞ ይብሳል። ኢኑዊቶች ቁጥሩን ይዘው ዓለም አቀፍ ድርድር ውስጥ ገብተው ተከራክረዋል፤ እንደ ፒሲቢ ያሉ ኬሚካሎችን ለማገድ በ2001 (እ.ኤ.አ.) በጸደቀው የስቶክሆልም ስምምነት ላይ አሻራቸው አለበት። በነፍሰ ጡሮች ደም ውስጥ ያለው ፒሲቢም ከዚያ ወዲህ በጣም ቀንሷል። ሜርኩሪው ነው አሁንም የሚያሳስበው።

ስለዚህ ሥራሽ የትኛው ክፍል፣ ለማን፣ በምን ይተካ የሚለውን መናገር ነው። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ኑናቩት በምትባለው ሌላ የኢኑዊት ግዛት ውስጥ የተሰጠው ምክር ልጅ ሊወልዱ የሚችሉ ሴቶች የሲል ጉበት እንዲተዉ ነበር። ሥጋውን ይብሉ ተባለ። ኑናቪክ ውስጥ ደግሞ ሜርኩሪው አነስተኛ የሆነውን አርክቲክ ቻር የተባለ ዓሣ ለነፍሰ ጡሮች በነጻ ያደሉበት ፕሮግራም ነበር። እንዲህ ሲሆን ሰው ይሰማል። «ምግባችሁ ተበክሏል» ብቻ ማለት ግን እናትሽን ጤፍ መርዝ አለው እንደማለት ነው። ወይ አትሰማሽም፤ ወይ ትሰማሽና ቺፕስና ለስላሳ ትጀምራለች።

ባዳነትሽን በተመለከተ፣ እዚያ ያለው ሰው ሳይንስ ይዘሽለት እስክትመጪ የሚጠብቅ አይደለም። የኑናቪክ ትልቁ መንደር ኩጁዋክ ውስጥ የኢኑዊቶቹ ድርጅት የማኪቪክ የምርምር ማዕከል አለ፤ ናሙናውን እዚያው ይመረምራል። ኢንተርቪው ላይ አንድ ነገር ጠይቂ፦ ውጤቱን መጀመሪያ የሚሰማው ማን ነው? «ጆርናሉ» ካሉሽ ተያቸው። «የመንደሩ ምክር ቤትና የጤና ቦርዱ» ካሉሽ ሂጂ።

ጨለማውን ፈርተሻል፤ ኩጁዋክ በክረምትም ፀሐይ ትወጣለች። እንጀራ ናፍቆት ከሆነ፣ መኪና መንገድ ስለሌለ ጤፉን ከሻንጣሽ ጋር ይዘሽ ውጪ።

እናትሽ ከአጠገቧ እንድትሆኚም፣ ሞርጌጁን እንድታግዢም ትፈልጋለች። በዶክትሬት አበል ሞርጌጅ አይከፈልም፤ በግልጽ ንገሪያት። የሰሜኑ ሥራ ብዙ ጊዜ ቤትና የሩቅ አገር አበል አለው፤ ከመፈረምሽ በፊት በጽሑፍ አስይዢው። አጎትሽ «ፋርማሲ ነበር የሚያዋጣሽ» ማለቱን እለፊው፤ የትምህርት ክፍያውን እሱ አይከፍልልሽም።

የዶክትሬቱን ቦታ ግን እምቢ አትበዪ። ፕሮፌሰርሽን በዚህ ሳምንት አነጋግሪና እንዲያቆይልሽ ጠይቂ። መንደር ውስጥ ሠርታ የመጣች ተማሪ የማይፈልግ ፕሮፌሰር ከሆነ፣ ቀድመሽ ማወቅሽ ይጠቅምሻል።