ቀለም ፋብሪካ ልግባ ወይስ ስኮላርሺፕ ልጠብቅ?

ጥያቄ፦ የኬሚካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ምኞቴ የባትሪ ተመራማሪ መሆን ነው። ያገኘሁት ሥራ ግን ቀለም ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ቁጥጥር ነው። ጓደኞቼ «እዚያ ገብተሽ የተማርሽውን ልትረሺው ነው፤ ስኮላርሺፕ ጠብቂ» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሥራውን ያዢው። ስኮላርሺፑንም እየሠራሽ አመልክቺ። ይህን የምልሽ ሥራ ከመፍታት ይሻላል ብዬ አይደለም። ሥራው ለባትሪ በቀጥታ ስለሚጠቅምሽ ነው።

የሊቲየም ባትሪን ታሪክ እዪ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1970ዎቹ ስታንሊ ዊቲንግሃም አሜሪካ፣ ኤክሶን የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ውስጥ ሆኖ መሠረቱን ጣለ። በ1980 ጆን ጉድኢናፍ እንግሊዝ፣ ኦክስፎርድ ላይ የተሻለ ካቶድ (የባትሪውን አዎንታዊ ጫፍ) አገኘ። ዩኒቨርሲቲው ግን ለፓተንቱ ገንዘብ ማውጣት አልፈለገም። ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ በ1985 ለአገልግሎት የሚመች ባትሪ ሠራ። በ1991 ደግሞ ሶኒ ገበያ ላይ አዋለው።

ሶኒ እንዴት ቀደመ? አንዱ ምክንያት የካሴት ክር ነው። ካሴት የሚሠሩ ፋብሪካዎቹ ማግኔታዊ ዱቄትን ከማጣበቂያና ከማሟሟያ ጋር አደባልቀው፣ ስስ ፕላስቲክ ላይ በእኩል ውፍረት ቀብተው ያደርቁ ነበር። የባትሪ ኤሌክትሮድም (ካቶዱና ተቃራኒው አሉታዊ ጫፍ) የሚሠራው እንደዚያው ነው። የሚቀባው አሉሚኒየምና መዳብ ፎይል ላይ መሆኑ ነው ልዩነቱ። ሲዲ መጥቶ የካሴት ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ያ ማሽንና እውቀት ወደ ባትሪ ዞረ።

አንቺ የምትገቢበትስ? ዱቄት፣ ማጣበቂያ፣ ማሟሟያ። እንዳይጓጉል ማደባለቅ፣ ቪስኮሲቲ (ፈሳሹ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ) መለካት፣ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ መጠበቅ። ጓደኞችሽ ይህን አላዩም።

ቻይናም የቀደመችው በዚሁ መንገድ ነው። ከሊቲየም፣ ከብረትና ከፎስፌት የሚሠራው የሊቲየም አይረን ፎስፌት ካቶድ በ1990ዎቹ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተገኘ፤ እዚያም ጉድኢናፍ አለበት። ዛሬ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም የሚያመርቱት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። አዲስ አበባ ላይ የምታያቸው የቻይናው ቢዋይዲ ኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ በዚህ ባትሪ ነው የሚሄዱት። በተመሳሳይ ኬሚስትሪ የሠራው የአሜሪካው ባትሪ አምራች ኤ123 ሲስተምስ በ2012 ከሰረና የቻይና ኩባንያ ገዛው። እርግጥ ቻይናን የመንግሥት ድጎማና ሰፊ ገበያ ረድቷታል። ግን ድጎማ ብቻውን ከማምረቻ መስመሩ ላይ የሚጣለውን ብልሽት አይቀንስም። ያንን የሚቀንሰው ምርቱ ለምን እንደተበላሸ የሚያውቅ ሰው ነው።

ስለዚህ ላብራቶሪ ተቀምጠሽ ናሙና ብቻ አትቁጠሪ። ከማደባለቂያው አጠገብ ቁሚ። የቆዩትን ኦፕሬተሮች ጠይቂ፤ በእጃቸው ያለው እውቀት ደብተርሽ ውስጥ የለም። ውድቅ የሆነ ባች (በአንድ ዙር የተመረተ ቀለም) ሲኖር ምክንያቱን እስክታገኚ ተከታተዪ፣ ጻፊውም። የስኮላርሺፕ ማመልከቻሽ ላይም «ባትሪ እወዳለሁ» ከማለት ይልቅ ስለ ኤሌክትሮድ ቅብ አንድ ጥያቄ ይዘሽ ቅረቢ። ፕሮፌሰሮች እንዲህ ያለ አመልካች ብዙ አያገኙም።

ሁሉም ፋብሪካ ያስተምራል ማለት ግን አይደለም። ከመፈረምሽ በፊት «ወደ ምርት ክፍል መግባት ይፈቀድልኛል?» ብለሽ ጠይቂ። አይፈቀድም ካሉሽ ሌላ ፋብሪካ ፈልጊ።