ለቡና ማሸጊያ ፊደልና ቀለም ለጠየቅሽው እህት

እህቴ፣ ቆልተሽ የምታሽጊውን ቡና ለገበያ ልታቀርቢ እንደሆነና ስለ ሥራሽም በራስሽ ብሎግ በአማርኛ ልትጽፊ እንዳሰብሽ ገልጸሻል። ጥያቄዎችሽም የትኛው የአማርኛ ፎንት ይሻላል፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ልጠቀም ወይ፣ ሎጎው ላይስ ጀበና ይግባ ወይ የሚሉ ናቸው። እኔ ኑሮዬን በማሸጊያና በመጽሐፍ ሽፋን ሥራ የምመራ ግራፊክ ዲዛይነር ነኝና ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ከጀበናው ልጀምር። አታስገቢው። ወደ አንድ ትልቅ ሱቅ ገብተሽ ጀበና፣ ሲኒ ወይም የቡና ፍሬ ያልተሳለበት የቡና ማሸጊያ ፈልጊ፤ ብዙ ትደክሚያለሽ። ሁሉም የያዘው ሥዕል አንዱን ከሌላው አይለይም። የአንቺ ብቻ የሆነው ስምሽ ነው። ስለዚህ ሎጎሽ ስምሽ ራሱ ይሁን፤ ድካሙም ገንዘቡም ስሙን አሳምሮ በመጻፍ ላይ ይዋል።

አሁን ወደ ፊደሉ። ብዙ ደንበኞቼ «ወፈር ያለ፣ ከሩቅ የሚታይ» ብለው ያዛሉ። በላቲን ፊደል ያስኬድ ይሆናል፤ በእኛ ግን አደጋ አለው። የግዕዝ ፊደል ድምፁን የሚለየው በትንንሽ ቅጥያዎች ነው። ቡ ጭረቱ ወገቡ ላይ፣ ቢ ደግሞ እግሩ ላይ ነው፤ ቤ እግሩ ላይ ቀለበት አለው። ፊደሉ ሲወፍር ቀለበቱ ይደፈንና «ቤት» የሚለው ቃል «ቢት» ተብሎ ይነበባል። በተለይ ፎንቱ የራሱ ወፍራም ቅርጽ ሳይኖረው ኮምፒውተሩ በግድ ሲያወፍረው ችግሩ ይብሳል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ለምሳሌ መልከ መልካም ፎንት ነው፤ ነገር ግን አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ውፍረት መቀያየር ካስፈለገሽ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ውሰጂ፤ ሁለቱም ከስስ እስከ በጣም ወፍራም ድረስ ተሠርተዋል። እነዚህ ሦስቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ ለንግድ ሥራም ፈቃዳቸው አይከለክልም። የመረጥሽውን ፎንት በስክሪን ላይ አይተሽ ብቻ አትወስኚ። ስምሽን በ6 ነጥብ፣ ማለትም በጣም ደቃቅ በሆነ መጠን በወረቀት አትመሽ ለማያውቀው ሰው አስነብቢ።

እኔ ብሆን ግን ለሎጎው ፎንት አልፈልግም ነበር። ቁም ጸሐፊ እፈልጋለሁ። በመቃ ብርዕ የሚጽፉ ሰዎች ዛሬም አሉ። የግዕዝ ፊደል ውበት፣ ማለትም ቁልቁል የሚወርደው ወፍራም መስመርና አግድም የሚሄደው ስስ መስመር፣ የተወለደው ከዚያ ብርዕ አያያዝ ነው። ስምሽን ደጋግመው በወረቀት እንዲጽፉልሽ አድርጊ፤ ከዚያ ዲዛይነሩ የተሻለውን መርጦ በኮምፒውተር ይሣለው። ከማንም ሎጎ ጋር የማይመሳሰል ነገር በእጅሽ ይገባል፤ ዋጋውም ብዙዎች ከሚፈሩት ያነሰ ነው።

ስሙ በእንግሊዝኛም ከሥሩ የሚጻፍ ከሆነ፣ ሁለቱን በአንድ ቁጥር መጠን አስቀምጦ መተው አይበቃም። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ሆሄ ስለሌለው ከላቲኑ ጎን ጨፍጋጋ ሆኖ ይታያል። ቁመቱንና የመስመሩን ውፍረት በዓይን እያዩ ማስማማት ያስፈልጋል። ላቲኑን የሚመስል ለማድረግ ብለው ፊደላችንን የሚቆራርጡ ዲዛይነሮች አሉ፤ እኔ አልወድላቸውም።

ስለ ቀለም። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ አልመክርሽም፤ አገር መውደድሽን ተጠራጥሬ አይደለም። የአገር ሰንደቅ ዓላማ የግል የንግድ ምልክት ሆኖ አይመዘገብም፤ ሰንደቁን የሚያስመስል ሎጎ ምዝገባ ላይ ጣጣ ያመጣብሻል። ሁለተኛው ምክንያት የሕትመት ነው። ያሰብሽው ማሸጊያ ቡናማ ወረቀት ከሆነ ከሥሩ ነጭ ካልታተመ በቀር ቢጫው ይጠፋል፣ አረንጓዴውም ይጠቁራል። ሦስት ቀለም ማተም ደግሞ ከአንድ ቀለም ይወደዳል። የብራና መጻሕፍቶቻችን በጥቁርና በቀይ ብቻ ስንት ዘመን አምረው ኖረዋል! ጥቁሩ ለጽሑፉ፣ ቀዩ ለመጀመሪያው መስመርና ለቅዱሳን ስም። በቡናማ ወረቀት ላይ እነዚህ ሁለቱ ይበቁሻል።

ማሸጊያው ሁለት ቀለም ቢይዝም ሎጎው ራሱ በአንድ ቀለም ብቻ መቆም መቻል አለበት፤ ምክንያቴ ማኅተም ነው። ነገ ደረሰኝና ውል ላይ የምታሳርፊው ክብ ማኅተም ውስጥ ይገባል። የቴሌግራም ቻናልሽ ምስልም ክብ ነው፤ ስልክ ላይ ደግሞ ከጥፍር አይበልጥም። ቀለማቱ ተዋህደው የሚፈዙበት ሎጎ ከሁለቱም አያልፍም። በስልክሽ ያየሽው ደማቅ ቀለምም በማተሚያ ቤት እንዳለ አይወጣም። በትክክለኛው ማሸጊያ ላይ ናሙና ሳታዪ ሺህ ከረጢት አታሳትሚ። «በኋላ ይስተካከላል» የሚል አታሚ ካጋጠመሽ ሌላ አታሚ ፈልጊ።

ብሎጉን በተመለከተ፣ ጽሑፉ በዩኒኮድ ይሁን፤ ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል በየትኛውም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ኮድ የሚሰጥ ሥርዓት ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የነበሩት ፎንቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ኮድ ስለነበራቸው፣ በእነሱ የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ጽሑፍን በምስል አድርጎ መለጠፍም ያው ነው፤ ዓይን ይስባል፣ ቡና ፈላጊ ግን በፍለጋ አያገኘውም። መጠኑን ከ18 ፒክሰል አታሳንሺ፤ በመስመሮች መካከልም ከእንግሊዝኛው የሰፋ ክፍተት ተዪ። ፊደሉን አታጋድሚ፤ ማጋደም የእኛ ልማድ አይደለም፣ ኮምፒውተሩ ሲያጋድመውም ያጣምመዋል። የመስመሮቹን ግራና ቀኝ ጠርዝም እኩል ለማድረግ አትሞክሪ፤ ቃሎቻችን ረጃጅም ስለሆኑ በስልክ ላይ በየመስመሩ ጉድጓድ ይፈጠራል።

ከዲዛይነሩ ጋር ሒሳብ ከመዝጋትሽ በፊት ሎጎውን ቢሰፋም በማይበላሸው የኤስቪጂ ፋይል ወይም ፊደሉ ወደ ቅርጽ በተቀየረበት ፒዲኤፍ ተቀበዪ። ጄፔግ፣ ማለትም ተራ የፎቶ ፋይል ብቻ ከሰጠሽ ለትልቅ ሰሌዳ ሲሰፋ ይበታተናል። ስሙን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስመዝግቢ፤ ምዝገባው ለ7 ዓመት የሚያገለግል ሲሆን ይታደሳል። ወደ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ለመላክ ካሰብሽ ደግሞ ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች የኢትዮጵያ መንግሥት በውጭ አገራት በንግድ ምልክትነት ያስመዘገባቸው ስለሆነ፣ ከስምሽ ጋር አጣምረሽ ሎጎ ከማሠራትሽ በፊት የአጠቃቀም ፈቃዱን ጠይቂ።