ዳገት ላይ የሚደክመውን አይሱዙ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው መርሳ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም ከገበሬ እየሰበሰብኩ ደሴና ኮምቦልቻ አወርዳለሁ። እስካሁን የምሠራው በኪራይ መኪና ነበር። አሁን ከወንድሞቼ ጋር ተጋግዘን ያገለገለ አይሱዙ ኤንፒአር ልንገዛ ነው። ኮምቦልቻ አንድ አገኘን። ካቢናውም፣ ጎማውም፣ የጭነት ሳጥኑ ጭምር ደህና ነው። ግን ባዶውን ይዘነው ወደ ደሴ ስንወጣ ዳገቱ ላይ ሦስተኛ ማርሽ አልችል አለ፤ የሞተሩ ድምፅም አብሮ ወረደ። በሁለተኛ እየተጎተተ ነው የገባነው። ጭስ ብዙም አይታይበትም። ባለቤቱ «የናፍጣ ፊልትሮ (ማጣሪያ) ነው፤ ደግሞ ደሴ ከፍታ ስለሆነ ሁሉም መኪና ይደክማል» ይላል። ደላላው በበኩሉ «ዛሬ ቀብድ ካልከፈላችሁ ነገ ሌላ ሰው ይወስደዋል» እያለ ያጣድፈናል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ቀብድ እንዳትከፍል። ነገ ሌላ ሰው ከወሰደው ይውሰደው። ኤንፒአር በአገሩ ሞልቷል።

የከፍታውን ነገር ላንሳው፤ እውነት ስላለበት ነው ሰው የሚታለልበት። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ። ከፍ በተባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም የሚያገኘው አየር ይቀንሳል። አየር ገፍቶ የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚያገኘው አየር ደሴ ሲደርስ ሩብ ያህሉን ያጣል። ይህ እውነት ነው። እናንተ ግን ከጅቡቲ አልተነሣችሁም፣ ከኮምቦልቻ ነው የተነሣችሁት። እሷም ራሷ ከፍታ ላይ ናት። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ የሚቀንሰው አየር ከመቶ 8 ገደማ ብቻ ነው። ይህን ያህል ቅናሽ ባዶ መኪናን በሁለተኛ ማርሽ አያስጎትትም። ቱርቦ ካለው ደግሞ ልዩነቱ ጭራሽ ያንሳል።

ሌላም ነገር አለ። በከፍታ የሚደክም የድሮ ናፍጣ ሞተር ያጨሳል። ፓምፑ የለመደውን ናፍጣ ይልካል፣ አየሩ ግን አንሷል፤ ስለዚህ ያልተቃጠለው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ያንተ መኪና ደክሞም አላጨሰም። እኔ ከደብዳቤህ ሁሉ ትልቅ ቦታ የሰጠሁት ይህቺን አንድ መስመር ነው። ዳገት ላይ ነዳጁን ረግጠኸው ጭስ ሳይኖር ከደከመ፣ አብዛኛውን ጊዜ ናፍጣው ሞተሩ ጋ እየደረሰ አይደለም። ጥቁር እያጨሰ ከደከመ ደግሞ ናፍጣ ደርሷል፣ የጎደለው አየር ነው፤ ወይም ናፍጣው በትክክል እየተረጨ አይደለም።

ስለዚህ ባለቤቱ «ፊልትሮ ነው» ሲል ሊዋሽ ላይሆን ይችላል። ግን ፊልትሮ ከሆነ ዋጋው ስንት ነው? ለምን አልቀየረውም? መኪና የሚሸጥ ሰው ካቢናውን ቀለም አስቀብቶ ፊልትሮውን ዝም የሚለው ለምንድን ነው? እንዲህ በለው፦ «ፊልትሮው ተቀይሮ እንደገና ደሴ እንውጣ፤ ከወጣ እንገዛዋለን።» እምቢ ካለ መልሱን አገኘህ ማለት ነው። እሺ ካለ ደግሞ ሲቀየር እዚያው ቁም።

ፊልትሮው ሲወርድ ናፍጣውን መሬት ላይ እንዳያፈሱት። የታሸገ ውሃ የሚሸጥበትን ነጭ ፕላስቲክ ቁረጥና እሱ ውስጥ አስገልብጠው። ለአምስት ደቂቃ አስቀምጠህ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገህ ተመልከት። ውሃ ካለ ከታች ይጠልላል፣ ከናፍጣው ጋር የሚለይበት መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጥቁር አተላ ካለ ሳልባትዮው (የናፍጣ ታንከሩ) ቆሽሿል፤ አዲሱም ፊልትሮ በቅርቡ ይደፈናል። ይህ በበርሜልና በጀሪካን የተቀመጠ ናፍጣ በሚቀዱ መኪኖች ላይ የበዛ ነገር ነው። ሳልባትዮ አውርዶ ማጠብ ሥራ ቢሆንም አያስፈራም። የሚያስፈራው ሲነቃነቅ ብልጭ ብልጭ የሚል ደቃቅ ብረት ያየህ እንደሆነ ነው። እሱ ከመስመሩ ውስጥ የሆነ ብረት እየተበላ ነው ማለት ነው። ብረት የገባበት ናፍጣ ፓምፕም፣ ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝልም ይጨርሳል። ያን ጊዜ የፊልትሮ ዋጋ ሳይሆን የፓምፕ ዋጋ ነው የምታወራው።

ፊልትሮ ተቀይሮም ካልተስተካከለ አንድ የምወደው ሙከራ አለ። ከሳልባትዮ የሚመጣውን ቱቦ ንቀሉት። ንጹሕ ናፍጣ ያለበት ጀሪካን ካቢናው አጠገብ በደንብ ታስሮ፣ መኪናው በቀጥታ ከእሱ ይጠጣ። መመለሻው ቱቦም ወደዚያው ጀሪካን ይግባ። ከጀሪካኑ የምትገባው ቱቦ ውስጧ የሚታይ ነጭ ብትሆን ደግሞ አረፋ ካለ ታየዋለህ፤ አረፋ ካየህ የሆነ ቦታ አየር ይስባል። በዚህ ሁኔታ አጭር ዳገት አስወጣው። ነፍስ ከዘራ ጥፋቱ ከኋላ ነው፤ ሳልባትዮ፣ መምጠጫው ላይ ያለች ወንፊት፣ ወይም ሻንሲው ላይ የተጨፈለቀ ቱቦ። ይህ ሁሉ በቀላል ወጪ የሚስተካከል ነው። ካልተለወጠ ወደፊት ና።

ወደፊት ስትመጣ ከሞተሩ በፊት የሚታዩ ተራ ነገሮች አሉ፤ ሰው ይዘላቸዋል። አንድ ሰው ነዳጅ መርገጫውን እስከ መጨረሻው ይርገጥ፣ አንተ ካቢናው ተገልብጦ የፓምፑን እጅ ተመልከት። ሽቦው ረዝሞ እጁ ግማሽ መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና በጣም ብዙ ነው። ቀጥሎ፣ ኤንፒአር በቁልቁለት ጭሱን አፍኖ ሞተሩን የሚይዝ ፍሬን አለው። ጭስ ማውጫው ውስጥ ያለችው መዝጊያ በጥላሸት ተጣብቃ ግማሽ ተዘግታ ከቀረች፣ ሞተሩ አፍንጫው እንደተያዘ ሰው ነው የሚሆነው። በእጅ አንቀሳቅሰው ሙሉ በሙሉ መከፈቷን አረጋግጡ። እንዲህ ሆኖ ሞተር ሊወርድ ሲል የተረፈ መኪና አይቻለሁ።

ፍሪሲዮንም አለ። ዳገት ላይ የሞተሩ ድምፅ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ሞተሩን አትውቀሰው፣ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ያንተ እንደጻፍከው ድምፁም አብሮ ስለወረደ ይህ አይመስለኝም። ፍሬን ይዞም ሊሆን ይችላል፤ ከጉዞ በኋላ የየጎማውን የፍሬን ታምቡር በእጅህ ጀርባ ሳትነካ ቀረብ ብለህ ሙቀቱን አወዳድር።

አሁን ወደ ውድ ወደሆነው እንምጣ። ከላይ ያሉት ሁሉ ደህና ሆነው መኪናው ከደከመ፣ ጥያቄው ሞተሩ እምቅ፣ ማለትም አየሩን አምቆ የመጭመቅ አቅም፣ አለው ወይ ነው። ለዚህ ሁለት ነገር ካንተ እፈልጋለሁ።

አንደኛው፣ ጠዋት በ12 ሰዓት ለባለቤቱ ሳትነግረው ሂድ። ገና ሳይነሣ ሞተሩን በእጅህ ዳብስ። ሞቅ ብሎ ካገኘኸው ቀደም ብሎ አስነሥቶታል፤ ሌላ ቀን ተመለስ። ቀዝቃዛ ከሆነ አንተ ራስህ አስነሣው። ደህና ሞተር በኮምቦልቻ ጠዋት ብዙ ሳያስለፋ ይነሣል። ረጅም ካንገራገረ፣ በሦስት እግር እየረገጠ (አንዱ ሲሊንደር ሳይሠራ) ከተነሣ፣ ነጭ ጭሱ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም አልጠፋ ካለ፣ እምቁ ወርዷል ወይ ኖዝል ተበላሽቷል። በዚያው የራዲያተሩን ክዳን ከፍተህ ውሃውን ተመልከት፤ ቀዝቃዛ እያለ ብቻ ነው የሚከፈተው። ሞተሩ እየሠራ ያለማቋረጥ አረፋ የሚተፋ ከሆነ ጓርኒሲዮኑ (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ተበልቷል።

ሁለተኛው፣ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ዝግ ብሎ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍታና ገልብጠህ ቀዳዳው ላይ አስቀምጠው። ትንሽ እንፋሎት በማንኛውም ናፍጣ ሞተር አለ፣ አይደንግጥህ። ክዳኑ እየጨፈረ ተፈናጥሮ ከወደቀ፣ ጭሱም እንደ ባቡር እየተገፋ ከወጣ ግን ፋሻ (የፒስቶኑ ቀለበት) አልቋል፤ እምቁ በፒስቶኑ ጎን ወደ ታች እያመለጠ ነው። እዚያው እያለህ የዘይቱን መለኪያ አውጥተህ አሽትት። ናፍጣ ናፍጣ ካለ፣ ቀጥኖና ከመስመሩ በላይ ሞልቶ ካገኘኸው፣ ናፍጣ ወደ ዘይት እየገባ ነው። እንደ ማር ከወፈረ ደግሞ የሞተሩን ድምፅ ለመደበቅ ተብሎ የተጨመረ ነገር እንዳለ ጠርጥር።

የናፍጣ ፓምፑንም ቅረብና አየው። ከፋብሪካው ሲወጣ የናፍጣውን መጠን የሚወስነው ብሎን በሽቦና በእርሳስ ይታሸጋል። ማሸጊያው ተበጥሶ ብሎኑ ላይ አዲስ የቁልፍ ጭረት ካለ፣ ደካማ ሞተር ጎበዝ እንዲመስል ናፍጣ ጨምረውለታል። እንዲህ ያለ መኪና ለአንድ ቀን ሙከራ ይስባል። ጥቁር ያጨሳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ጭነት ይዞ ረጅም ዳገት ላይ ሲሞቅ ፒስቶን ያቀልጣል። ይህን በሚያደርጉ ሰዎች እናደዳለሁ፤ ጉዳቱ የሚደርሰው ቤተሰቡ ያለውን ሁሉ አሟጦ በገዛው ሰው ላይ ነው።

ባለ ቱርቦ ከሆነ የአየር ማኒኮቶዎቹን (የጎማ ቱቦዎቹን) አንድ በአንድ ተጭነህ ተመልከት። በጥቁር ዘይት የተለወሰ መገጣጠሚያ አየር የሚያመልጥበት ነው። መግቢያውን ማኒኮቶ አስፈትተህ የቱርቦውን ዘንግ በጣትህ ነካ አድርገው። ወደ ጎን ትንሽ መነቃነቁ ያለ ነው። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ከተንቀሳቀሰ፣ ወይም ክንፉ ግድግዳውን ፍቆ ከሆነ አልቋል።

አዲስና በኮምፒውተር የሚሠራ ሞተር ከሆነ ነገሩ ይለያል። እሱ ችግር ሲያገኝ ራሱን ለመጠበቅ ሆን ብሎ አቅሙን ይቀንሳል። ቁልፍ ስትከፍት የሞተር መብራቱ መብራት አለበት፣ ሲነሣ መጥፋት አለበት። ቁልፍ ተከፍቶም ጭራሽ ካልበራ አምፖሉን ነቅለውት ሊሆን ይችላል። መሣሪያ ያለው ባለሙያ ይዘህ ሂድ።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ የመጨረሻው ፈተና ጭነት ነው። አንተ ሽንኩርት ልትጭንበት ነው የምትገዛው፣ ስለዚህ ጭነህ ሞክረው። የአሸዋ ጫኝ ወይም የእህል ነጋዴ ወዳጅ አታጣም፤ ወደ ደሴ የሚወጣ ዕቃ ካለው ነዳጁን ችለህ ጫንለት። ከኋላ በሌላ መኪና ሰው ይከተልህና የጭሱን ቀለም ይንገርህ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እያቃጠለ ነው። የሙቀት መለኪያውን ዓይንህ አይልቀቀው፤ ደሴ መግቢያ ላይ ወደ ቀዩ ከተጠጋ ተወው። በነገራችን ላይ የኋላውን ባሌስትራ (የብረት ቅጠሎቹን ሞላ) ቁጠርና ከሌላ ኤንፒአር ጋር አወዳድር። ቅጠል የተጨመረበት ከሆነ ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት የኖረ ነው፤ ሞተሩም ያንን ሁሉ ተሸክሟል።

የእኔ ግምት፣ ከጻፍከው ተነሥቼ፣ የናፍጣ መንገድ መዘጋት ነው። ባለቤቱ አስተካክሎ ጭነት ይዞ ደሴ ከወጣ፣ ጠዋትም በቀላሉ ከተነሣ፣ ግዛው። የሊብሬውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር አስተያይ፣ የባንክ እገዳ እንደሌለበትም አጣራ። የዘይት ክዳኑ ከዘለለ ግን በቅናሽም አትግዛው። ሞተር አውርዶ ፋሻና ፒስቶን ማስቀየር፣ ሬቲፊካ (የሞተር መላጫ ቤት) ማስገባት፣ መለዋወጫ መጠበቅ፤ የሽንኩርቱ ወቅት ያልፍብሃል።

ጥያቄ፦ ከኩታበር ነው የምጽፈው። የአባቴ ፒክአፕ ጠዋት ሲነሣ ነጭ ጭስ ይሞላል፣ ከዚያ ይጠፋል። ረዳቱ ብርድ ስለሆነ ነው ብሎ አየር መግቢያው ላይ የሚነፋ ስፕሬይ ገዝቶ ያስነሣዋል። ችግር አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ፤ በኩታበር ብርድ ለጥቂት ደቂቃ ነጭ አጭሶ የሚተው ናፍጣ ሞተር ብዙ ነው። ስፕሬዩን ግን ዛሬውኑ አስጥዪው። ማሞቂያ ካንዴላ ባለው ሞተር ላይ ያ ነገር ሲነፋ ያለጊዜው ይፈነዳል፤ ፋሻ ይሰብራል፣ ፒስቶን ይሰነጥቃል። ካንዴላዎቹን በየተራ ያስለኩ። ከአራቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ተቃጥለው ይሆናል። ተቀይረውም ጭሱ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ካልጠፋ፣ ወይም የራዲያተሩ ውሃ የሚቀንስ ከሆነ፣ አባትሽ ሳይቆዩ ጋራዥ ይውሰዱት።