መልስ፦ «ቤዛ»፣ «መቤዠት» እና «መዋጀት» አንድ ናቸው ወይ?

ጠያቂያችን «ቤዛ»፣ «መቤዠት» እና «መዋጀት» አንድ ናቸው ወይ ብለው ለጠየቁት፣ ሦስቱ ይቀራረባሉ እንጂ በሁሉም ቦታ አይተካኩም።

የሁሉም መሠረት ዋጋ ከፍሎ ማስለቀቅ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ድኻ የሸጠውን ርስት የቅርብ ዘመዱ መጥቶ ይቤዠዋል፤ በኦሪት ዘጸአት 13 ደግሞ የአህያ በኩር በጠቦት ይዋጃል። በማርቆስ ወንጌል 10፥45 የሚከፈለው ዋጋ ነፍስ ራሷ ስለሆነች «ቤዛ» የሚለው ስም ከከፋዩ ጋር ተጣበቀ፤ ለአገር የወደቀን ወታደር ቤዛ የምንለውም፣ የጎንደር እናት ልጇን «ቤዛ ልሁንህ» የምትለውም በዚሁ መንገድ ነው። «ዘመኑን ዋጁ» የሚለው የኤፌሶን መልእክት ግን ጊዜን በከንቱ ላለማሳለፍ የተነገረ ነውና በዚያ ቦታ «ተቤዡ» ማለት ለጆሮ አይመችም።

በታሪክ ረገድ፣ የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. በጎንደር አቅራቢያ ቆስሎ በተማረከ ጊዜ ከከተማው ገንዘብ ተከፍሎለት ተለቋል፤ ብዙም ሳይቆይ በቁስሉ ሞተ እንጂ ቤዛው በጥሬ ትርጉሙ ተከፍሎ ነበር።

በዕለት ኑሮ ግን መሬቱን በወለድ አገድ (አበዳሪው በወለድ ፈንታ እንዲጠቀምበት) የሰጠ ገበሬ የተበደረውን በሽማግሌ ፊት ቆጥሮ ሲመልስ «ማሳዬን አስለቀቅሁ» ይላል። ለውልና ለመያዣ ጉዳይ እኔም የምመርጠው ይህንኑ ነው፤ በባንክ ደብዳቤ ላይ «ቤቴን ተቤዠሁ» ብሎ መጻፍ ስብከት ያስመስላል። «ድኅነት» (መዳን) ደግሞ የተከፈለው ዋጋ ያስገኘው ውጤት እንጂ ዋጋው አይደለም።