«እንባ እንኳ የላትም»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎ ከሐይቅ ነው። እህቴ ባሏን በዘነዘና መትታ ገደለችው። ሲደበድባት አምሽቶ ሲተኛ ነው የመታችው። ከዚያ ራሷ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ከዚህ በፊት 3 ጊዜ አኩርፋ እኛ ቤት መጥታ ሽማግሌ መልሷታል። የተከሰሰችው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 539 ነው። ሰፈሩ ግን «ሴት ሆና! እንባ እንኳ የላትም!» እያለ ነው። ሴት በመሆኗ ፍርዱ ይከብድባት ይሆን?
ታናሽ ወንድሟ

መልስ፦ ወንድም ዓለሜ፣ አይዞህ። የወንጀል ሕጉ ላይ «ሴት ከገደለች ይክበድባት» የሚል መስመር የለም። ነገሩ የሚገባው በሌላ በር ነው።

ደሴ ላይ ጠበቃ ሳለሁ ብዙ የግድያ መዝገብ ይዣለሁ። ወንድ በድንበር ተጣልቶ ሲገድል ምስክሩ «ደሙ ፈልቶ ነው» ይላል። ሴት ስትገድል ያው ምስክር «ምን ዓይነት ጨካኝ ናት!» ይላል። አንዷን ደንበኛዬን «ገድላው ስታበቃ ቂጣ ጋገረች» ብለው መሰከሩባት። ልጆቹ ርቧቸው ነበር እኮ! ያን ቀን ምስክሩን ቶሎ ብዬ «ለማን ጋገረች?» ብዬ አለመጠየቄ እስካሁን ይቆጨኛል።

539 አስቦና ተዘጋጅቶ ወይም በተለየ ጭካኔ ለገደለ ነው፤ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። 540 ተራ ግድያ ነው፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። 541 ግን ከ5 ዓመት ያልበለጠ ቀላል እስራት።

እስኪተኛ መጠበቋን ዐቃቤ ሕግ ዝግጅት ይለዋል። ነቅቶ ሳለ ዘነዘና ብታነሳበት ግን ማን ይተርፍ ነበር? ይህን ዳኛው ከእናንተ ይስማ። ራስን መከላከል የሚለው 78 ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ፤ ሰውየው ተኝቶ ነበርና ሊወድቅባችሁ ይችላል። ከባድ በደል ደርሶበት በስሜት ግንፋሎት የገደለን የሚያየው 541 ነው። ማስረጃው ካሳመነው ፍርድ ቤቱ አንቀጹን ዝቅ ያደርገዋል።

ስለዚህ የጤና ጣቢያ ካርዷን ፈልጉ። ጩኸቷን የሰሙ ጎረቤቶችን ያዙ። ከሁሉ በላይ ግን 3 ጊዜ «ቻይው» ብለው የመለሷት ሽማግሌዎች ይምጡ። ያፍራሉ፤ ይፈሩ። ቁስሏን አይተው የመለሷት እነሱ ናቸው።

በገዛ እግሯ ጣቢያ መሄዷም መዝገብ ላይ ይስፈርላት። «ችሎት ላይ አልቅሺ» ብላችሁ ግን እንዳትመክሯት። የውሸት እንባ ያስታውቃል። ጠበቃ ካላቆማችሁ ደግሞ በሚቀጥለው ቀጠሮ ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብላት ጠይቁ።