ከደጃፉ ጀምሩ፦ መንገድ ለምትነድፉ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ባለፈው እሁድ ማታ ከዓድዋ ድል መታሰቢያ ተነስቼ በእግሬ አራት ኪሎ ድረስ ሄድኩ። መብራቱ ቦግ ብሏል። አባቶች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው ይንሸራሸራሉ። በብስክሌት የሚመጣ አንድ ልጅ ሲያየኝ ቀስ አለና "አባባ፣ ይለፉ" አለኝ። በዚያ ሰፈር ሠላሳ ምናምን ዓመት ስመላለስ ዓይኔን ክዳን ከሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ ላይ ነቅዬ አላውቅም ነበር። ስለዚህ አስቀድሜ ልመስክር፦ እግረኛው መንገድ በማግኘቱ ከልቤ ደስ ብሎኛል። የአዲስ አበባ ሰው በአብዛኛው በእግሩና በታክሲ የሚሄድ ነው። እኛ ግን፣ የእኔ ዘመን መሐንዲሶች፣ ንድፉን የምንጀምረው ከአስፋልቱ መሐል ነበር። መጀመሪያ የመኪናውን መስመር እናሰምራለን፤ ለእግረኛ የተረፈውን እንሰጣለን። ብዙ ጊዜ የሚተርፍ ነገር አልነበረም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ ተነስቶ ወደ ሌሎች ሰፈሮች፣ ከዚያም ወደ ክልል ከተሞች ሲስፋፋ፣ ብዙዎቻችሁ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣችሁ ትልልቅ ሥራ እጃችሁ ገብቷል። እኛ በአሥር ዓመት ያልነካነውን እናንተ በወራት ነድፋችሁ፣ አስፈርሳችሁ፣ ሠርታችሁ ታስረክባላችሁ። ፍጥነታችሁ ያስደንቀኛል፤ ያስፈራኛልም። የምለምናችሁ ንድፋችሁን ከደጃፉ እንድትጀምሩ ነው። ምን ማለቴ እንደሆነ በራሴ ጥፋት ልንገራችሁ።

ሥራ ከያዝኩ ገና አራት ዓመት ሳይሞላኝ፣ በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ዋናው መንገድ እንዲሰፋ ተወሰነና ንድፉ ለእኔ ተሰጠ። መንገዱ ዳር በረንዳቸው ላይ የሲንጀር መኪና ዘርግተው የሚሰፉ አንድ አዛውንት ነበሩ። በእኔ ልኬት በረንዳቸው መንገድ ውስጥ ገባ፤ ፈረሰ። በአሮጌው አስፋልት ላይ ጠጠር፣ በጠጠሩ ላይ አዲስ አስፋልት ተደረበ። ከፍታ የለካሁት መሐል ለመሐል ነው፤ የደጃፎቹን ከፍታ አንድም ቦታ አልመዘገብኩም። ሥራው ሲያልቅ መንገዱ ከእሳቸው ደፍ በ30 ሳንቲሜትር ልቆ ተገኘ።

ሰኔ ላይ ስመለስ ሽማግሌው ከቤታቸው ውሃ በጣሳ እየቀዱ ወደ ውጭ ሲያፈሱ አገኘኋቸው። የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ ወጥቷል። ለደንበኛ የተቆረጠ ካኪ ጭቃ ነክቶት ገመድ ላይ ተሰጥቷል። አልተቆጡኝም። ጣሳውን እንደያዙ "ልጄ፣ መንገዱስ አምሯል፤ ውሃው ወዴት እንዲሄድ ነበር ያሰብከው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። መሥሪያ ቤቴ ሥራውን በወረቀት ተረክቧል፤ እኔም ስህተቴን አላስመዘገብኩም። ያን ጊዜ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት ሁሉ መጀመሪያ የምለካው ደፍ ነው። የእያንዳንዱን ቤት ደፍ ለኩ፤ የእግረኛውን መንገድ ከቤቱ ወደ ውጭ ከመቶ ሁለት ያህል አዘንብሉት፤ ቱቦው ከመንገዱ ቀድሞ ይቀበር። ይህን ያልኩት ቀላል መስሎ ስለሚታይና ስለሚረሳ ነው።

የጥንት ግንበኞች ደጃፍ ያውቁ ነበር። አራዳ ላይ አርመኖችና ህንዶች ከአገሬው አናጺ ጋር ያቆሟቸው ቤቶች የእንጨት በረንዳ ነበራቸው። መንገደኛ ከክረምቱ ዝናብ ይጠለልበታል፤ ነጋዴ ዕቃ ያወጣበታል፤ ሊስትሮ ሳጥኑን ያስቀምጥበታል። ጣሊያን በጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረውን ገበያ ገፍቶ ወደ መርካቶ ሲወስደውና ሰፈሩ ፒያሳ ሲባል እንኳ የደጃፉ ኑሮ አልጠፋም። ወርቅ ቤቱም፣ ኬክ ቤቱም፣ ቆመው ቡና የሚጠጡበት ቶሞካም ከመንገዱ አንድ እርምጃ ነው።

አንዳንዶቻችሁ "ድሮም የፈራረሰ ሰፈር ነበር" ስትሉ እሰማለሁና እዚህ ላይ ልቆጣችሁ። የአዋጅ ቁጥር 47/1967ን ታሪክ አንብቡ። ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ የቀበሌ ቤት ኪራይ ጥቂት ብር ላይ ተቸንክሮ ቀረ። በዚያ ኪራይ ቀበሌው ጣሪያ አይቀይርም፤ ተከራዩም የራሱ ያልሆነውን ግድግዳ ለማደስ ፈቃድ ማግኘት ይቸግረዋል። ሃምሳ ክረምት የወረደበት ጭቃ ቤት ያዘማል። የሰዎቹ ስንፍና አልነበረም፤ ስማቸውን አታጉድፉ።

አሁን ወደ መኪና ማቆሚያ ልምጣ፤ ነጋዴ አስቀድሞ የሚጮኸው በእሱ ነው። አንድ የቤት መኪና ለማቆም 2.5 ሜትር በ5 ሜትር፣ ማለትም 12.5 ካሬ ሜትር ይወስዳል። ቤተሰብ ያደገባቸው ብዙ የቀበሌ ክፍሎች ከዚህ አይሰፉም። ይህን የሚያህል የሕዝብ መሬት ለአንድ መኪና ከጠዋት እስከ ማታ መስጠት ፍትሕ አይመስለኝም፤ ስለዚህ የመንገድ ዳር ማቆሚያ መቀነሱን አልቃወምም። መስቀል አደባባይ በ2013 ዓ.ም. ሲታደስ 1,400 መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ከመሬት በታች መሠራቱም ትክክል ነበር።

ግን የቆመ ሁሉ አንድ አይደለም። አንድ ጊዜ "ደንበኛዬ ሁሉ ባለመኪና ነው" ብሎ ከሚምል ባለሱቅ ጋር በሩ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሬ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ደብተር ይዘን አብረን ቆጠርን። ከመኪና ወርደው የገቡት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ሌላው ሁሉ እግረኛ ነው። በሩ ፊት ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለው መኪና የራሱ ነበር። እሱም አይቶ ዝም አለ። በዚያው ቀን ግን ሌላ ነገርም አየሁ። ስኳር የጫነ አይሱዙ መጥቶ የሚያራግፍበት አጣ። አንድ ወጣት ታማሚ እናቱን ክሊኒክ በር ላይ ሊያወርድ ሲል ከኋላው ክላክስ ጮኸበት። የመንገዱን ጠርዝ በድንጋይና በአበባ ዳር እስከ ዳር ስትዘጉት ባለሱቁ መኪናውን ሌላ ቦታ ያቆማል። አይሱዙው፣ ታክሲውና ታማሚዋ ግን መሄጃ የላቸውም፤ መሐል መንገድ ላይ ይቆማሉ፣ ይቀጣሉ። ስለዚህ ለማራገፊያና ለማውረጃ ቦታ ሳትተዉ ጠርዝ አትዝጉ። አንድ የሥራ ቀን፣ አንድ ቅዳሜ፣ አንድ የበዓል ዋዜማ ቁጠሩ። ሰደርያ ለብሰው የፓርኪንግ ደረሰኝ የሚቆርጡትን ልጆችም ቁጠሯቸው፤ ማቆሚያው ሲነሳ እንጀራቸውም አብሮ ይነሳል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ የተነሺዎች ነገር ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስለ ካሳና ተነሺዎች መልሰው ስለሚቋቋሙበት ሁኔታ ይደነግጋል። ካርታ ላይ የሚታየው ግን ቤት ነው። ደጃፏ ላይ እንጀራ የምትሸጥ እናት ሌላ ቤት ብታገኝ እንኳ ደንበኞቿ፣ ዕቁቧና ዕድሯ፣ ልጇን የምታይላት ጎረቤቷ አብረዋት አይጓዙም። የተነሺ ቅጽ ስትሞሉ ሁለት ጥያቄ ጨምሩ፦ በምን ትኖሪያለሽ? ከአዲሱ ቦታ ተነስተሽ ወደ ሥራሽ በምን ትደርሻለሽ? መልሱን ለአለቃችሁ በጽሑፍ አቅርቡ። ባይቀበላችሁም ፋይሉ ውስጥ ይቀመጥ፤ እኔ ያላደረግሁት እሱን ነው።

ሳታፈርሱ በፊት ደግሞ መዝግቡ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡሩ ሥራ ተነስቶ በ2008 ወደ ቦታው ተመልሷል። ሰፈር እንዲህ አይመለስም። ስልካችሁን አውጡ፤ በር በበር ፎቶ አንሱ፣ ማን ምን ይሠራበት እንደነበር ጠይቁ፣ ቀኑን ጻፉ።

ያን እሁድ ማታ ዶሮ ማነቂያ የሚባለው የፒያሳ ሰፈር በነበረበት አካባቢ ቆሜ የማውቃቸውን በሮች በተራ ለማስታወስ ሞከርኩ። መጀመሪያ ጫማ ሠሪው፣ ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩ። ሦስተኛው ጠፋብኝ፤ በፊቱ ለዓመታት አልፌ ጠፋብኝ። ከእናንተ መካከል እዚያ ያደገ ካለ ይንገረኝ። በሩ ሰማያዊ ነበር፤ ከፊቱ መሐሉ የተበላ አንድ የድንጋይ ደረጃ ነበረው።