የድሮ መኪና በአዲስ ሞተር፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጃቸው ያለችውን የድሮ መኪና ሞተሯን ለውጠው ማቆየት የሚፈልጉ ሰዎች ወደምሠራበት የኮምቦልቻ ጋራዥ ደጋግመው ይመጣሉ። ጥያቄዎቻቸው ስለሚመሳሰሉ አሰባስቤ፣ በሥራ ያየሁትን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)፦ ባለ 4ኬ ሞተር ኬኢ70 ኮሮላ አለችኝ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለውን የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ጉልበት ያጥራታል። 4ኤ ኤፍኢ ባስገባላት ልዩነቱ ይታወቀኛል?

መልስ፦ በደንብ ይታወቅሃል፤ ምክንያቱ ግን የሞተሩ መተለቅ ብቻ አይደለም። ሁለቱም የቶዮታ ሞተሮች ናቸው፤ 4ኬ ነዳጁን በካርቡራተር የሚወስድ 1290 ሲሲ፣ 4ኤ ኤፍኢ ደግሞ በኮምፒውተር በሚታዘዝ ኢንጄክሽን የሚረጭለት 1587 ሲሲ ባለ 16 ቫልቭ ነው፤ ጉልበቱም ከ60 ገደማ ወደ 100 ገደማ የፈረስ ጉልበት ያድጋል። ይህ ቁጥር ግን በባሕር ወለል ላይ የተለካ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ማንኛውም ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ካርቡራተር ያለው ሞተር ደግሞ ሌላ ጉዳት ይደርስበታል፤ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ በዚያው ልክ ስለማይቀነስለት ድብልቁ ይወፍራል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል። ኢንጄክሽን ያለው ሞተር የአየሩን መጠን በሴንሰር እየለካ ነዳጁን ስለሚመጥን፣ ከኮምቦልቻ ተነስቶ ደሴ እስኪገባ ድረስ ራሱን እያስተካከለ ይወጣል።

ነገር ግን ብዙ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት የ4ኬውን ካርቡራተር ለከፍታው በሚስማማ አነስተኛ ጂግለር (የነዳጅ ማሳለፊያ ቀዳዳ) አስተካክለህ፣ የቫልቭ ክፍተቱንና የእሳቱን ጊዜ አስመርምረህ አንድ ጊዜ ውጣባት። አንዳንዷ መኪና የምትፈልገው ይህንኑ ብቻ ነው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ያገለገለ 4ኤ ኤፍኢ ልገዛ ኮምፕሬሽኑን (ፒስቶኑ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት) ሳስለካ በአራቱም ሲሊንደር 10 ተኩል ገደማ አነበበ። መጽሐፉ 13.5 ይላል። ጓደኛዬ ሞተሩ አልቋል አለኝ። ልተወው?

መልስ፦ እንዳትተወው። ይህን ጥያቄ በማቅረብህ ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም ጤነኛ ሞተሮች በዚህ ስህተት ሲጣሉ፣ የታመሙት ደግሞ ሲገዙ አይቻለሁ። የአምራቹ መመሪያ ለዚህ ሞተር 13.5 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር ትክክለኛው፣ 10 ደግሞ ዝቅተኛው ነው ይላል። ፒስቶኑ የሚያምቀው ግን በዙሪያው ያለውን አየር ነው፤ አየሩ ገና ሲገባ ግፊቱ ያነሰ ከሆነ ታምቆም ያነሰ ይሆናል። ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ አዲስ የሚባል 4ኤ ኤፍኢ እዚህ ሲለካ 11 አካባቢ ያነባል፤ ያው ሞተር ደሴ ቢወሰድ ወደ 10 ይጠጋል። ያንተው 10 ተኩል ስለዚህ መልካም ንባብ ነው።

ይልቁንም ልታየው የሚገባህ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። መመሪያው ከ1 ኪሎ ግራም በላይ ልዩነትን አይፈቅድም፤ ይህ ደግሞ በከፍታ ብዙም የማይለወጥ ፍርድ ነው። ሁለት ጎረቤት ሲሊንደሮች አንድ ላይ ዝቅ ካሉ የቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያውን፣ ጠርጥር። አንዱ ብቻ ዝቅ ካለ ጥቂት ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምረህ ድገመው፤ ንባቡ ከፍ ካለ የፒስቶኑ ፋሻ (ቀለበት) ነው፣ ካልተለወጠ ቫልቩ ነው። ስትለካ አራቱም ካንዴላዎች ወጥተው፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ ባትሪውም የሞላ መሆን አለበት፤ ደካማ ባትሪ ጤነኛውን ሞተር በሽተኛ ያስመስለዋል። ከገዛኸው በኋላ ቫልቮቹን ከፒስቶኖቹ ጋር በጊዜ የሚያስኬደውን ቺንጊያ ሳትቀይር አትግጠመው። የዚህ ሞተር ቺንጊያ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስቶን አይጋጩም፤ ሐረጎ ላይ መቆም ግን ራሱን የቻለ አደጋ ነው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ሞተሩ ከፊት ጎማ ከሚነዳ መኪና የወጣ ነው። የእኔ ኮሮላ በኋላ ጎማ የምትነዳ ናት። በነበረው ካምቢዮ ላይ ይገጠማል?

መልስ፦ በቀጥታ አይገጠምም። የ4ኬው ካምቢዮ ከ4ኤ ሞተር ጋር የቡሎን ቀዳዳው አይገናኝም። የ4ኤ ቤተሰብ ግን በኋላ ጎማ በሚነዱት እንደ ኤኢ86 ባሉ ኮሮላዎች ላይ ተገጥሞ ስለነበር፣ ከእነርሱ የወጣ ቲ50 ካምቢዮ ብታገኝ ሥራው በግማሽ ይቀላል። ቶርኖ ቤት በሚሠራ ማገናኛ መግጠምም ይቻላል፤ በዚያ ጊዜ ግን የካምቢዮው መሐል ከኮሎው (ፒስቶኖቹ ከሚያዞሩት የሞተሩ ዘንግ) መሐል ጋር በትክክል መጋጠሙ በኮምፓራቶር (ጥቃቅን ልዩነት በሚለካ ሰዓት) ካልተረጋገጠ ፍሪሲዮኑም ኩሺኔታውም በጥቂት ወራት ይበላሉ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሞተሩ የሚተኛበትን ማዕዘን ነው። የካምቢዮው መውጫና የዲፍሬንሻሉ መግቢያ ትይዩ ካልሆኑ፣ በመካከላቸው ባለው ዘንግ ጫፍና ጫፍ ያሉት ሁለቱ ክሮቼራዎች (ተጣጣፊ መገጣጠሚያዎች) አንዱ የፈጠረውን የፍጥነት መወዛወዝ ሌላው ሊያጠፋለት አይችልም፤ መኪናዋም በሜዳ ላይ ፍጥነት ስትጨምር ከወለሏ ሥር ትንቀጠቀጣለች። ስለዚህ ሞተሩን የሚሸከሙትን ሱፖርቶች በጊዜያዊነት ነክሰህ ብቻ ያዝ፤ መኪናዋ በአራቱም ጎማዋ መሬት ላይ ቆማ ማዕዘኑ ከተለካ በኋላ ነው ሙሉ ብየዳ የሚበየደው። ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ከማስቀመጥህ በፊት ከቴስታታው ጀርባ እስከ ሳሎኑ ግድግዳ ያለውን ቦታ፣ ከሥር ደግሞ የዘይት ማጠራቀሚያውን ከመሪው ዘንግ ጋር አስተያይ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ የኤሌክትሪኩን ገመድ ለየብቻ ብገዛ አይቀልልኝም? የነዳጁስ መስመር የድሮው ይበቃል?

መልስ፦ ገመዱን፣ ኮምፒውተሩንና ሴንሰሮቹን ከአንድ መኪና፣ ከነሶኬታቸው፣ ሳይቆረጡ ግዛ። የተቆራረጠ ገመድ መቀጠል ካንተ ብዙ ቀናት ይወስዳል፤ ከዚያም በኋላ በዝናብ ቀን የማይታወቅ ችግር ያመጣል።

በነዳጁ መስመር ላይ ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የካርቡራተር ፖምፓ ነዳጁን የሚገፋው በ0.3 ባር ገደማ ሲሆን፣ ኢንጄክሽኑ የሚሠራው በ3 ባር አካባቢ ነው። በሥራዬ መጀመሪያ ዘመን፣ ሻጩ «ለኢንጄክሽን ይሆናል» ብሎ የሸጠልኝን ተራ ጎማ አምኜ የገጠምኩላት መኪና፣ የሐረጎን ዳገት እንደ ጀመረች ጎማው ተሰንጥቆ ቤንዚኑ ሞተሩ ላይ መረጨት ጀመረ። ነጂው ሽታውን ሰምቶ ወዲያው ሞተሩን ስላጠፋ ማንም አልተጎዳም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የነዳጅ መስመሩን በብረት ቱቦ፣ መገጣጠሚያውን ብቻ ደግሞ የግፊት መጠኑ በላዩ በተጻፈበት ጎማ እሠራለሁ፤ ሳልፈትሽም መኪና ለባለቤቷ አላስረክብም።

ሰልባትዮውም (የነዳጅ ታንከሩም) መዘጋጀት አለበት። ወደ ሰልባትዮው የሚመለስ መስመር ያስፈልጋል፤ በውስጡም ነዳጁን የሚይዝ መከለያ ከሌለ፣ ነዳጁ ሲያንስ በሐረጎ ጥምዝ ላይ ወደ ጎን ሸሽቶ ፖምፓው አየር ይስባል፣ ሞተሩም መታጠፊያው መሐል ይቆርጣል። አነስተኛ መጠባበቂያ ጋን ከፖምፓው በፊት መግጠም ይህን ያስቀራል።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)፦ ሞተር ከቀየርኩ ወዲህ ዳገቱ መጨረሻ ላይ ውሃ ትገነፍላለች። ራዲያተሩ የድሮው ነው።

መልስ፦ መጀመሪያ ክዳኑን ቀይር። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የሞተርህ ቬንቲሌተር (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ደግሞ የሚነሳው ከ90 ዲግሪ ባለፈ ጊዜ ነው። ግፊት የማይዝ ክዳን ካለህ ቬንቲሌተሩ ሥራ ሳይጀምር ውሃው ፈልቶ ይወጣል። ደህና ክዳን ወደ 0.9 ባር ስለሚይዝ የመፍሊያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ክዳኑ ተቀይሮ ካልቆመ ባለሁለት ረድፍ ራዲያተር ያስፈልግሃል፤ የ4ኬው ራዲያተር ለዚህ ሞተር አነስተኛ ነው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ፍሬኑንም መቀየር ግድ ነው?

መልስ፦ ለእኔ ግድ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 650 ሜትር ያህል ይወረዳል። አንድ ቶን የምትመዝን መኪና በዚህ ቁልቁለት የምትለቀው ኃይል ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ከቀዝቃዛው አንስቶ ለማፍላት ይበቃል። ጎማውና አየሩ ብዙውን ቢወስዱትም፣ ቁልቁለቱ በሚበረታበት ስፍራ የቀረውን የሚሸከሙት ሞተሩና ፍሬኑ ናቸው። ቀድሞ በደካማ ሞተር ቀስ ብላ ትሄድ የነበረች መኪና አሁን ከመታጠፊያ እስከ መታጠፊያ ፍጥነት ትይዛለች። ከፊት ደህና ዲስክ ፍሬን፣ አዲስ የፍሬን ዘይትና አዳዲስ ጎማ ቱቦዎች አስገባ፤ ስትወርድም በወጣህበት ማርሽ ውረድ።

ጥያቄ (ከአንዲት እናት፣ ደሴ)፦ የሟች ባለቤቴ ቮልስዋገን አለች። ልጆቼ የኮሮላ ሞተር ይግባላት ይላሉ።

መልስ፦ እትዬ፣ እኔን ከሰሙኝ አይሆንም። የድሮው ቮልስዋገን ቢትል ሞተር ከኋላ የተቀመጠ፣ በአየር የሚቀዘቅዝና ቀላል ነው። በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ሲገባ ራዲያተር ከፊት መቀመጥ፣ ቱቦው በመኪናዋ ወለል ማለፍ፣ የኋላ ክብደቷም መጨመር አለበት፤ ያቺ እርስዎ የሚያውቋት መኪና አትቀርም። ዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠሩ ስለሆኑ መለዋወጫቸው አልጠፋም። ሞተሯ 1200 ከሆነ የራሷን ወገን 1600 ማስገባት ይቻላል፤ የድሮዋ ባለ 6 ቮልት ከሆነች ብቻ ቮላኖው (ከሞተሩ ኋላ ያለው ከባድ ጎማ) እና ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ይለወጣሉ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ባለ ቤንዚን ላንድክሩዘር ላይ የናፍታ ሞተር ልገጥም ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ናፍታ ሞተር እንደ ቤንዚኑ የፍሬን ማገዣውን የሚስብ ቫኪዩም ስለማይሰጥ፣ ቫኪዩም ፖምፓውን ከሞተሩ ጋር አብረህ ውሰድ። ሞተሩ ባለ 12 ወይም ባለ 24 ቮልት መሆኑንም አስቀድመህ እይ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ሊብሬውስ?

መልስ፦ የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ የተጻፈ ነው። ስለዚህ የግዢ ደረሰኙንና የጉምሩክ ሰነዱን ሳትይዝ ሞተሩን አትግዛ፤ ከመግጠምህ በፊትም መኪናዋ ወደ ተመዘገበችበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደህ የሚፈለገውን ጠይቅ። ለዓመታዊው ምርመራ ስትቀርብ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ቦሎ አይሰጥህም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ሥራው ሲያልቅ የመጀመሪያው ሙከራ የት ቢሆን ይሻላል?

መልስ፦ ሐረጎ ላይ አይሁን። መጀመሪያ ከተማው ውስጥ ቀስ ብለህ ንዳት፤ ከዚያ በሀርቡ መንገድ ጥቂት ሄደህ ተመለስ፤ ቆመህም ኮፋኖውን ክፈትና የነዳጅ፣ የውሃና የዘይት መፍሰስ ካለ በእጅ ባትሪ ፈልግ። በሁለተኛው ቀን በማለዳ፣ ጭነት ሳይኖርባት፣ ወደ ደሴ ውጣ፤ ዓይንህ ከሙቀት መለኪያው አይራቅ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ የሱፖርቶቹን፣ የክሮቼራዎቹንና የማርሚታውን ቡሎኖች እንደገና አጥብቅ፤ ዘይቱንም ቀይር።